የውሰት ሾፌር

ሻምበል ሊዮኔል ብራንድሬት ከወንበራቸው ተነሡ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የመርከብ ደወል ሁለት ጊዜ ተመታ። ሹካ ያነሣ ሹካውን አስቀመጠ፤ የሚያኝክ ማኘኩን አቆመ። ሻምበሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የንጉሥ ሞት በሚነገርበት ድምፅ፣

«ክቡራን፣» አሉ፤ «ሰናፍጩ አልቋል።»

ጥቂት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ከኋላ አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ በክርን ተጎሰመ።

በእኔ መጠጥ ቤት፣ በሦስቱ መልህቆች፣ በዓመት አንድ ማታ ነገር ሁሉ በዚህ ወግ ነው የሚነገረው። ጁን አምስት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጦሩ በፈረንሳይ ዳርቻ የወረደበት ቀን ዋዜማ ነው። በዚያ ማታ በሬ ይቀቀላል፣ ካሮት ይቀቀላል፣ አተር ይቀቀላል፤ ሻምበሉም የተቀቀለውን ሁሉ በደወል ያስታውቃሉ። ቀሪውን ዓመት እሳቸውም እንደ ሰው ነው የሚበሉት።

እራቱ የአንድ የባሕር ወታደሮች የብረት ለበስ ድጋፍ ክፍል እራት ነው። ስሙ ረጅም፣ ዕድሜው አጭር። የተቋቋመው ለአንድ ጠዋት ሥራ ነው ማለት ይቻላል፤ ታንኮቹ ማራገፊያ ጀልባ ላይ እንደተጫኑ አፈሙዛቸውን በጀልባው አፍንጫ ላይ አውጥተው፣ እግረኛው ጫማውን ከማርጠቡ በፊት የፈረንሳይን ዳርቻ እንዲደበድቡ። በመጀመሪያው ሐሳብ ሞተር እንኳ አይኖራቸውም ነበር። ሞተሩ ይውጣና በቦታው ጥይት ይደርደር ተባለ፤ የሚንሳፈፍ የመድፍ ሣጥን እንደ ማለት ነው። ኋላ ከበላይ ያለ ሰው ይሄ እብደት ነው ስላለ ሞተሩ ቀረ፤ ታንኮቹም የብስ ላይ ወጥተው እግረኛውን ትንሽ ይሸኙ፣ ከውሃው አንድ ማይል እንዳይርቁ ብቻ ተብሎ ታዘዘ።

ሞተሩ ሲቀር ሌላ ጣጣ መጣ። ማሪኖቹ፣ የባሕር ወታደሮቹ ማለት ነው፣ መርከብ ላይ ያደጉ መድፈኞች ናቸው፤ ታንክ የሚነዳ ከመሃላቸው አልነበረም። ስለዚህ ለየታንኩ አንድ አንድ ሾፌር ከምድር ጦር በውሰት ተወሰደ፤ ጎረቤት ድስት እንደሚዋሰው። ክፍሉ ዳርቻውን ደበደበ፣ ከተባለው ማይልም አለፈ፣ ጥቂት ሳምንት ተዋጋና ተበተነ። አንድ ክረምት አልሞላውም። እራቱ ግን ይኸው ሃያ አምስተኛ ዓመቱ። ማሪን የሆነ ሁሉ ይጠራል፤ ማሪን ያልሆነ የከተማው ሹምም ይጠራል። ከሾፌሮቹ የተጠራ የለም። የውሰት ዕቃ አንዴ ከተመለሰ እራት አይጋበዝም።

ከሻምበሉ ታንክ ሦስት ሰዎች በከተማችን በሶልተርን ይኖራሉ። አንዱ ራሳቸው ሻምበሉ ናቸው። ሁለተኛው መድፉን አልሞ የሚተኩሰው ሃምሳ አለቃ ፐርሲ ትረጅል ነው፤ አሁን ሰዓት ይጠግናል፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል። ሦስተኛው ጥይት ያጎርስ የነበረው ኦስዊን ካድሞር ነው፤ ሥጋ ይሸጣል፣ የእራቱን በሬ የሚያመጣውም እሱ ነው፣ ከዚህም የተነሣ የእራቱ ግማሽ የእሱ ይመስለዋል። ሦስቱም ከቤቴ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ «የብስ መውረዴ ነው» ይላሉ። ሻምበሉ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የነኩት ውሃ የገላ መታጠቢያቸውን ነው።

አራተኛው ሰው ዊልፍ ፔንግሊ ነበር፣ የውሰቱ ሾፌር። እሱም የሶልተርን ልጅ ነው። ሻምበሉ የአገሬ ልጅ ነው ብለው ከሾፌሮቹ መካከል መረጡት፤ ሚስቱ ሄስተር ደግሞ ደስ ብሏት ለሻምበሉ እናት እንቁላል ወስዳ ነበር። ዊልፍ ከዚያ ጠዋት በኋላ አልታየም። ሻምበሉ የጻፉት ወረቀት «ሾፌሩ ያለ ትእዛዝ ታንኩን ጥሎ ሄደ» ይላል። ታንኩን አሸዋው ዋጠው፤ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሄስተርም የሞተባት የማትባል፣ ባል ያላት የማትባል ሆና ቀረች። በኔ ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች።

በእራቱ ላይ ከደጃፉ ትይዩ አንድ ባዶ ወንበር ይቀመጣል፤ ወንበሩ ላይ አንድ ጥንድ የሸራ ጫማ፣ የሩጫ። ይሄ የካድሞር ፈጠራ ነው። ጫማውን በየዓመቱ ከቁም ሣጥን የምታወጣውና አቧራውን የምትጠርገው ሄስተር ናት፤ ጠረጴዛ ማሰናዳት የሷ ሥራ ስለሆነ።

አንድ ጊዜ፣ «ይሄንንስ ተይው፣ እኔ አወጣዋለሁ» ብያት ነበር።

«አንተ አታጸዳውም፣ ጆስ» አለችኝ። «ለሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት።»

በዚያ ማታ ካሮቱን እያዞረች ሳለ ካድሞር ወገቧ ላይ በሹካው እጀታ ነካ አደረጋት።

«ሄስተር እናቴ፣ ከፈረንሳይ ደብዳቤ አልመጣም? ሰውዬው እኮ እዚያ አንዲት ወፍራም አግብቶ አይብ እየቆረጠ ነው።»

«ከሆነለት ጥሩ ነው» አለች ካሮት እየጨመረችለት። «አይብ ይወድ ነበር። ሥጋ ግን ያንተን አይበላም ነበር። አጥንቱን ይመዝናል ይል ነበር።»

ጠረጴዛው ሳቀ፤ ካድሞርም ሳቀ፣ ፊቱ ግን እንደሚሸጠው ጉበት ሆነ። «ቢሆንም እግሩ ጥሩ ነበር» አለ ቀና ብሎ፤ «የምድር ጦር የሰጠን ብቸኛው ፈጣን ነገር!» ሁሉም በማንኪያቸው ብርጭቆ መቱለት። ሄስተር ወደሚቀጥለው ሳህን አለፈች።

ከሥጋው በኋላ ሻምበሉ ታሪኩን ይናገራሉ። ታሪኩ በየዓመቱ አንድ ነው፤ አንድ ቃል ቢዘሉ ሦስት ሰው ያርማቸዋል።

«ከጀልባው መውረጃ ወረድን» አሉ በዚያም ማታ። «አፍንጫዋ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ውሃው ይሞላል። ውስጣችን እስከ አንገታችን ጥይት ነው፤ ሞተር አይኖርም በተባለ ጊዜ የተሠራው መደርደሪያ እንዳለ ነው። በኛና በውሰቱ ሰውዬ መካከል ድመት አታልፍም። ወደኋላ! አልኩት በውስጥ ስልኩ። ዝም። ወደኋላ! ዝም። ክቡራን፣ ወንበሩ ባዶ ነበር!»

አንድ ሰው የሸራ ጫማውን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስሮጠው። ሳቅ።

«እኛስ ምን አደረግን? እንደ ምድር ጦር ተፈተለክን?»

«የለም!» አለ አዳራሹ።

«ሃምሳ አለቃ ትረጅል! ምን አደረግን?»

ትረጅል ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ የመጀመሪያው ይሄ ነው። «መድፏን ዜሮ አመጣናት ጌታዬ። አፏን ዝቅ አድርገን ቆለፍናት።»

ይህ የእራቱ ኩራት ነው። በመርከብ ላይ ተኩስ ሲያበቃ መድፍ ዜሮ ላይ ይመጣል፤ ማለት በመርከቡ አከርካሪ ልክ ፊት ለፊት ይቀናል፣ አፈሙዙ ዝቅ ይላል፣ ይቆለፋል። መድፉን ወደ ጎን አንጋዶ የሚሄድ ማሪን፣ ሱሪውን ሳይታጠቅ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ነው የሚቆጠረው። ማሪኖቹ ታንክ ሲሰጣቸው በሚዞረው ራሷ ዙሪያ እንደ መርከብ ኮምፓስ ቁጥር ቀቡባት፤ ሕጉንም ይዘውት ገቡ። ሌላው ክፍል ታንኩን ጥሎ ሲወጣ እንደሆነለት ይወጣል። እነሱ ውሃ እየሞላባቸው፣ ጥይት ብረቱን እየቀጠቀጠው፣ መድፋቸውን አስተካክለው ወጡ።

«በእሳት ውስጥ!» አሉ ሻምበሉ፤ ዓይናቸው እውነተኛ እንባ አቅርሯል። «ከዚያስ ሃምሳ አለቃ?»

ሁለተኛው የትረጅል ነገር፤ «የሆነ ነገር ያንኳኳ ነበር ጌታዬ። ‹ጌታዬ፣ ማነው የሚያንኳኳው?› አልኩ።»

ሻምበሉ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፦

«‹ባሕሩ ነው፣ ፐርሲ። አትክፈትለት!›»

እዚህ ላይ ሁሉም በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ከዚያ ሮም የሚባለውን የመርከበኛ አረቄ አንሥቶ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣል። የሶልተርን ሰው ይህን ካየ ወዲህ ልማዱ ከእራቱ ወጥቶ ከተማውን ይዞታል። በሠርግ ላይ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ይጠጣል፤ በቀብር ማግስትም እንዲሁ። ሕፃናት በሎሚ ውሃ ይለማመዱታል። ለምን እንደሚንኳኳ የሚጠይቅ ካለ «ባሕሩ ነው» ይባላል።

ትረጅል ከጠጣ በኋላ የራሱን ሳህን ራሱ ወደ ማጠቢያው ይወስዳል። ከሁሉም እሱ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርግ። ሄስተር ጨዋነት ይመስላታል። ሳህኑን ሲሰጣት ዓይኑ ሁልጊዜ ሳህኑ ላይ ነው።

በዚህ ዓመት ሌላም ነገር ነበር። ከተማው ለሃያ አምስተኛው ዓመት ከአንድ የጦር ሜዳ ጥግ ዝጎ የተቀመጠ የዚያኑ ዓይነት ታንክ አገኘና አስቀባው፤ የባሕሩ ዳር ሣር ላይ ተተከለ። ቀላል እንዲሆን ሞተሩ ወጥቶለታል፤ በመጨረሻ ክፍሉ መጀመሪያ እንደታሰበው ሆነለት ማለት ነው። ከፊቱ ድንጋይ ቆሟል፣ ድንጋዩ ላይ የሶልተርን ሰዎች ስም፤ ከታች ባዶ መስመር አለ። ጠራቢው የድንጋዩን ቁመት አይቶ የተወው ነው እንጂ ለማንም ብሎ አልነበረም። ሄስተር ግን ያንን መስመር ካየች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

እራቱ ላይ ሮሙ ከተጠጣ በኋላ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሻምበሉ አጠገብ ቆመች። ደወል ያልተደወለለት ሰው ሲናገር የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

«ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድንጋዩ ላይ አንድ ስም የሚሆን ቦታ አለ።»

«አይቻለሁ፣ ሄስተር። ለዓይን ያስቀይማል። አበባ እናስቀርጽበታለን።»

«የዊልፍ ስም ይግባበት። ሌላ ምንም አልልዎትም። ጫማውም ይቀጥል፣ ሳቁም ይቀጥል። ስሙ ብቻ።»

አዳራሹ ቀልድ ይመጣል ብሎ አንገቱን አሰገገ። ሻምበሉም አላሳፈሩትም።

«የኔ እመቤት፣ ድንጋዩ ለቆሙ ሰዎች ነው። ለሮጠ የሚሆን ድንጋይ ከፈለግሽ መንገዱ ዳር የማይል ድንጋይ አለልሽ።»

ሳቁ ሲያባራ እሷ እዚያው ናት። ጸጥ ብላ፣ «እኔ ዊልፍን አውቀዋለሁ» አለች። «ሊያጨኝ የመጣ ዕለት አባቴ ‹ቆይ› ብሎት ረስቶት ገባ። ዝናብ ነበር። አባቴ ሁለተኛ እስኪወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሳይሉት የሚሄድ ሰው አልነበረም።»

«በሩ ላይ ጥይት አልነበረማ!» አለ ካድሞር።

ሻምበሉ ግን አንድ ነገር መጣላቸው። ከሮሙ ይሁን ከጭብጨባው እንጃ። «እሺ» አሉ። «ነገ ምርቃቱ ላይ ያንን ጠዋት ደግመን እናሳያለን። ጋዜጠኛው ፎቶ ያነሣል፤ ሦስታችን ከላይ ነን፣ የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው። እዚያ አንቺ ትገቢያለሽ። ክዳኑን ከላይሽ ዘግተሽ፣ ጸጥ ብለሽ ትቀመጫለሽ። ‹ታንኩን ልቀቁ› እስክል ድረስ ንቅንቅ የለም። ትእዛዝ ሳይሰጥ ከወጣሽ በሶልተርን የፔንግሊ ስም አይነሣም። ቆይተሽ በትእዛዝ ከወጣሽ ግን፣ እኔ ራሴ ጠራቢውን እጠራዋለሁ።»

«በእነዚህ ሁሉ ሰዎች ፊት ነው ያሉት?»

«በሰናፍጩ ነፍስ እምላለሁ!»

ትረጅል «ጌታዬ፣ እኔ እንጃ…» ብሎ ጀመረ። በእራቱ ላይ ከሁለቱ ነገሮቹ ሌላ ሲናገር ስላልተሰማ ሁሉም ዞሮ አየው።

«ምን ፐርሲ?»

«ቦታው ጠባብ ነው ለማለት ነው።»

«እሷስ ሰፊ ናት እንዴ?» አለ ካድሞር፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

ወጥ ቤት ስገባ ሄስተር ድስቱን በአሸዋ ታሻለች።

«ሊያላግጡብሽ እኮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሃያ አምስት ዓመት ታሪኩን የምሰማው ለምን ይመስልሃል? አንድ ቀን ተሳስተው ሌላ ነገር ይናገሩ ይሆናል ብዬ ነው። አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ከታሪኩ ካላገኘሁ ከወንበሩ አገኝ እንደሆን ልየው።»

በማግስቱ ባሕሩ በጣም ሸሽቶ ነበር። ከሣሩ እስከ ውሃው የሚታየው ደረቅ አሸዋና የታሰሩ ጀልባዎች ናቸው፤ በጎናቸው ተኝተዋል። የእሳት አደጋው የሙዚቃ ጓድ ነሐሱን ወልውሎ መጣ። ቄሱ መጡ። የሴቶቹ ባርኔጣ ከሕዝቡ ይበዛ ነበር። እኔ ሮሙን በትንንሽ ጽዋ ሞልቼ በትሪ አዞርኩ፤ ትእዛዙ «ማንም አስቀድሞ እንዳይጠጣ፣ በማንኳኳቱ ላይ ነው» የሚል ነበር። እውነተኛ ጠረጴዛ ስለሌለ ለማንኳኪያ የካድሞር የሥጋ መክተፊያ ግንድ መጥቶ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆሟል።

ታንኩ አምሮበታል። በራሱ ዙሪያ ቁጥሮቹ በነጭ ተቀብተዋል። ሻምበሉ ነገሩ ልክ እንደዚያ ጠዋት ይሁን ስላሉ፣ በሾፌሩ ወንበርና በላይኞቹ መካከል በእንጨት የተሠራ ጥይት እስከ ጣራው ተደርድሯል። መድፉ ከጋራዡ እንደመጣ ወደ ጎን፣ ወደ ዓሣ ጥብሱ ቤት ዞሮ ነበር፤ ባለቤቱ ቅር ብሎታል።

ሄስተር የቤተ ክርስቲያን ኮቷን ለብሳ መጣች። ባርኔጣዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ። የሾፌሩ መግቢያ ከፊት በኩል፣ ጣራው ላይ፣ ወደ ላይ የሚከፈት አንድ ወፍራም የብረት ክዳን ነው። ወንበር አስቀምጠንላት ታንኩ ላይ ወጣች።

«ጠቦሽ ካልገባሽ የሚያንሸራትት ሞራ ላምጣልሽ?» አላት ካድሞር ከላይ።

«ላንተ አስቀምጠው፣ ኦስዊን፤ ለመውረጃህ ይሆንሃል» አለችና ገባች። እጇ ብቻ ቀረ፤ ክዳኑን ሳበችው። ዘጋ። ድምፁ የምድጃ በር ድምፅ ይመስላል።

ሦስቱ ከላይ ገቡ። ትረጅልን ሁለት ሰው ገፋው። ሻምበሉ እስከ ደረታቸው ወጥተው በሙሉ ልብሳቸው ቆሙ፣ ኒሻናቸው ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ። ጋዜጠኛው ፎቶ አነሣ። ሙዚቃው ጮኾ ቆመ።

«ተኩስ አቁም!» አሉ ሻምበሉ። አንድ ሕፃን «አልተኮሱም እኮ» አለ፤ በጥፊ ዝም ተሰኘ።

«መድፏን ዜሮ!»

በእጅ የሚዞረው መዘውር ሲንቋቋ ይሰማል። አፈሙዙ ከዓሣ ጥብሱ ቤት ተነሣ፣ በቄሱ ላይ አለፈ፣ በሴቶቹ ባርኔጣ ላይ አለፈ፣ መጥቶ ልክ ወደ ባሕሩ ቀና። ሕዝቡ አጨበጨበ። በነጭ የተቀባው ዜሮ ከታንኩ አፍንጫ ጋር ገጠመ።

«ዜሮ ነው ጌታዬ!» አለ የትረጅል ድምፅ ከውስጥ።

«ዝቅ!»

አፈሙዙ ዝቅ አለ፤ ቀስ ብሎ፣ የደከመው ሰው ራሱን ትራስ ላይ እንደሚያሳርፍ፣ የታንኩ ጣራ ላይ ባለው መደገፊያ ተኛ።

«ቆልፍ!»

ከውስጥ ብረት በብረት ላይ ወደቀ። ከዚያ የትረጅል «ተቆልፏል ጌታዬ» የወትሮው ያህል ፈጥኖ አልመጣም። መጣ ግን።

«ታንኩን ልቀቁ!»

ካድሞር በጎን ወረደ፤ ትረጅልን ተቀብለው አወረዱት። ሻምበሉ በባሕር ሕግ መጨረሻ ወረዱ። ማንም ወደ ፊተኛው ክዳን አላየም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ሻምበሉ በዚያ ዕድሜያቸው ሳይደገፉ መውረዳቸውን ነበር። ቀጥ ብለው ከታንኩ አፍንጫ አጠገብ ወደቆመው ድምፅ ማጉያ ሄዱ። ካድሞርና ትረጅል ከግራና ከቀኝ ቆሙ። ጽዋ ሰጠኋቸው።

«የከተማዬ ሰዎች» አሉ፤ ድምፃቸው እስከ ጀልባዎቹ ሄደ። «እንዲህ ነበር የወጣነው። መድፋችንን ቆልፈን፣ ሥርዓታችንን ጠብቀን። ሦስት ሰዎች። አራተኛው አስቀድሞ—»

ቷ። ቷ። ቷ።

ከታንኩ ነው። ክዳኑ የአራት ጣት ያህል ከፍ ይልና የመድፉን ሆድ መትቶ ይወድቃል። ደግሞ ከፍ ይላል፣ መትቶ ይወድቃል።

እንግዲህ የሶልተርን ሰው ልማድ አለው። ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ የሰማ እጅ አያስብም። መቶ ጽዋ በአንድ ጊዜ ወደ አፍ ተነሣ። የቄሱም ተነሣ፣ የእኔም ተነሣ። ካድሞር ጠጣ። ጨለጠውና «እህ!» አለ፤ ከዚያ ሌላ የጠጣ እንደሌለ አየ። ጽዋዎቹ ሁሉ አገጭ ላይ ቆመዋል። ዓይኖቹ ከጽዋው ጠርዝ በላይ ወደ ክዳኑ፣ ከክዳኑ ወደተኛበት መድፍ፣ ከመድፉ ወደ ነጩ ዜሮ ሄዱ።

«ሻምበል» አለ ከክዳኑ ስንጥቅ የሄስተር ድምፅ። ጩኸት አልነበረበትም፤ ከማጠቢያው ሆና ሳህን ጎደለ የምትልበት ድምፅ ነው። «ትእዛዙን ሰምቻለሁ። መድፉ ላዬ ላይ ነው። አይከፈትም።»

ሻምበሉ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ ማጉያው ትንፋሻቸውን ብቻ አሰማን። ትረጅል አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት የለመደው አፉ እንደሆነ እንጃ፣ ወይም ሌላ ነገር፣

«ጌታዬ፣» አለ፤ «ማነው የሚያንኳኳው?»

የሚሳቅበት ቦታ ይሄ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ሻምበሉ አየ። ሻምበሉ ወደ ባሕሩ አዩ፤ ባሕሩ ከአሸዋው ማዶ፣ እንደ ቀጭን ገመድ ሩቅ ነበር።

ቷ። ቷ። ቷ።

ጽዋ የተነሣ የለም። ትረጅል የራሱን ጽዋ ሣሩ ላይ አስቀመጠ፤ እንዳይፈስ አስተካክሎ ነው ያስቀመጠው። ማንም ሳይደግፈው ታንኩ ጋ ሄደ፣ የማይታዘዘውን ጉልበቱን በእጁ አንሥቶ ብረቱ ላይ አኖረ፣ ተንሸራተተ፣ ደግሞ አኖረ። መዘውሩ ያለው ከላይ ነው። ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበርና፣ እየተንፏቀቀ ሲወጣ ለክዳኑ የሚለውን ሁላችንም ሰማን።

«ቆይ ዊልፍ» ይላል። «ቆይ፣ መጣሁ። መጣሁ ዊልፍ።»